ስም ለመጠየቅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሊያ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና፣ "አክስቴ፣ የማሚ ስም ሚኒንጉ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። "'በጦርነት ኃያል' ይላል! ማሚ ፋይተር ናት!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቢበዛውም ሳቋ ሙሉ ነው። እናቷ ማቲልዳ፣ ማለትም የእኔ ታናሽ እህት፣ ሸረሪት እንኳ አትገድልም፤ በብርጭቆ ከድና በረንዳ ላይ ወስዳ ትለቃታለች። ስለዚህ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም። ይህቺ ልጅ በአምስት ሰከንድ ያገኘችውን ነገር፣ እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ለማግኘት አንድ ሙሉ ቅዳሜ፣ ሁለት ስትሪትካር የሚባል የከተማ ባቡርና አንድ ጥንድ የራሰ ካልሲ ፈጅቶብኝ ነበር። ካገኘሁትም ውስጥ ለአባቴ የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይህን ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ እያነሳ ሲስቅብኝ ኖሯል። ያኔ ግን ማንም አልሳቀም።

ሱዳን ሁለት ዓመት ቆይተን ቶሮንቶ ከገባን ገና ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። የምንኖረው ፓርክዴል በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ቀን በሚበዛ አንድ ረጅም ሕንጻ ውስጥ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊታችን ያለው በር የእማማ ማቲልዳ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ ወገባቸው እንደ ወጣት ቀጥ ያለ ጀርመናዊት ናቸው። ኮት የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ከእሳቸው በር በኮምጣጤ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል፤ ከእኛ በር የሚቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ። ሁለቱ ሽታዎች ኮሪደሩ መሀል ተገናኝተው ይጣላሉ፤ ባለቤቶቹ ግን አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም።

መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን እማዬ የሠራችው ነገር የሀበሻ እንጂ የሌላ ሰው ሥራ ሊሆን አይችልም። እሳቸው ስማቸውን ሲነግሩን እማዬ ወዲያው ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ምን ማለት ነው በያቸው" አለች። ጠየቅኋቸው። እማማ ማቲልዳ ግራ ተጋብተው፣ "ምን ማለት ነው ማለት? የአያቴ ስም ነው" አሉ። እማዬ ከልቧ አዘነች። ቤት ከገባንም በኋላ፣ "ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰው ትርጉሙን በማያውቀው ነገር ሲጠራ ይኖራል? ምስኪን!" ስትል ቆየች። እኛ አገር ስም ዐረፍተ ነገር ነው፤ ወላጆች የሆዳቸውን የሚናገሩበት። ትርጉም የሌለው ስም ለእማዬ በር የሌለው ቤት ነበር።

እሷ ያኔ ነፍሰ ጡር ናት። ጥር ወር ውስጥ አንድ ቀን፣ ከተማው ሁሉ በበረዶ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤትም አልተከፈተም። አባዬ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ዐድሮ፣ የሚተካው ሰው ስላልመጣ እዚያው ቀርቷል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እማዬን ምጥ ያዛት። ቀኗ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። አምቡላንስ ኮል አደረግሁ። "እየመጡ ነው፣ መንገዱ አስቸግሯቸዋል፣ ተረጋጊ" አለችኝ ሴትየዋ። በመስኮት ሳይ ስትሪትካሮቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጣሪያቸው ላይ በረዶው እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። ሮጬ የፊት ለፊቱን በር ደበደብኩ።

እማማ ማቲልዳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። አዋላጅ አይደሉም፤ በሕይወታቸው ያዋለዱት ኮት ብቻ ነው። ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ ያን ቀን በዚያ ፎቅ ላይ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ እያለቀስኩ "ማርያም፣ ማርያም" እላለሁ፤ እሳቸውም የእማዬ ስም መስሏቸው ጎንበስ ብለው፣ "ማርያም፣ ማርያም፣ ትንሽ ቀርቷል" ይሏታል። እማዬ በኋላ ስትነግረን፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሀል ፈረንጇ ማርያምን ስትጠራ ስትሰማ፣ ተርፌያለሁ አለች በልቧ።

ሕፃኗ ተወለደች። እማማ ማቲልዳ በፎጣ ጠረግ ጠረግ አደረጓትና የሱፍ ሹራባቸውን ከፍተው ከደረታቸው ጋር፣ ሥጋቸው ላይ አስተኟት። ሹራቡን መልሰው ቆለፉና ማሞቂያው አጠገብ ቁጭ አሉ። በየአፍታው ጣታቸውን ወደ ሹራቡ ከተት እያደረጉ አፍንጫዋን ይነካሉ። የአምቡላንስ ሰዎቹ ሲደርሱ፣ "ስጡን" አሏቸው። አልሰሙም። ሁለተኛ ጠየቋቸው። ሦስተኛው ላይ አንደኛው ሰውዬ ራሱ ቁልፎቹን ቀስ እያለ ፈታቸው። እኔ ፍቅር ነው ብዬ ነበር የተረጎምኩት። ልጅ ነበርኩ፤ ፍርሃት እንዲህ ጸጥ ብሎ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

እማዬ ከሆስፒታል እንደተመለሰች መጀመሪያ ያደረገችው እማማ ማቲልዳን ማስጠራት ነው። አልጋ ላይ ቀና ብላ፣ "እንዲህ በያቸው" አለችኝ፤ "'እኔና ልጄ ከተረፍን ስሟን በእርስዎ ስም አወጣለሁ ብዬ ተስያለሁ። ስሟ ማቲልዳ ነው።'"

ተረጎምኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ፈገግ እንዳልኩ ቀረሁ። ፊታቸው ነጭ ሆነ። "አይሆንም" አሉ፤ ሌላ ምንም። ከዚያ ብድግ ብለው ወጡ፤ በራቸው ሲቆለፍ ሰማን። በማግስቱ የሾርባ ድስት በራችን ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን በእጅ የተሠራች ትንሽ ኮፍያ። እሳቸው ግን አይገቡም፤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሕፃኗን ቀና ብለው አያዩም። እማዬ ሆዷ ባባ። "ምን አስቀየምኳቸው? ስሜን አልሰጥም ነው የሚሉት?" ትለኛለች።

በሌላ በኩል አባዬ አለ። አባዬ ለልጅቷ ሰላም የሚል ስም አዘጋጅቶ ነበር። ሁለት ወንድሞቹን ጦርነት በልቶበታል፤ እሱ ራሱ ሸሽቶ ነው የወጣው። ካለፍንበት ሁሉ በኋላ ቤቱ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ ሊጠራው የሚፈልገው ቃል ሰላም ነበር።

"ስለት ተስያለሁ" አለች እማዬ።

"ስለት ለታቦት ነው እንጂ ለጎረቤት አይሳልም።"

"ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ሰውዬ። መልአኩ ፊት ለፊታችን ነው የሚኖረው።"

አባዬ፣ "እሺ፤ መልአኩም ቢሆን ትርጉሙን ሳያውቅ ስም አያወጣም። ትርጉሙን አምጡልኝ። ደግ ከሆነ እኔም እሺ እላለሁ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የዚያን ዘመን የስደተኛ ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ጠበቃ ናት። ሥራው የእኔ ሆነ።

ጊዜም አልነበረንም። አገር ቤት ልጅ ወራት ሙሉ ሚጣ እየተባለች ልትቆይ ትችላለች፤ የሚያጣድፍ የለም። እኛም እንደዚያው ሚጣ እያልናት ተቀመጥን። እዚህ ግን መንግሥት የላከው ፎርም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ በአንድ ወር ውስጥ ተሞልቶ መመለስ አለበት ይላል። እኔ ይህንን ያነበብኩት ወሩ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መሀል ከተማ ወዳለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የበረዶውን ጭቃ ስረግጥ ጫማዬ ውኃ አስገባ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ጥያቄዬን ስትሰማ ዐይኗ በራ። "የመጣሽው ለትምህርት ቤት ነው?" አለችኝ። "አይ፣ ለአባቴ" አልኳት። አራት መጻሕፍት አመጣችልኝ፤ አንደኛውን ብቻዬን ማንሳት አልችልም ነበር።

መጀመሪያ ትርጉሙን አገኘሁ። ስሙ ከሁለት የጥንት ጀርመን ቃላት የተጋመደ ነው፤ አንዱ "ኃይል"፣ ሁለተኛው "ጦርነት"። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሌላኛውን ከፈትኩ፤ እሱም ጦርነት ይላል። ሦስተኛውም። አባዬ ከጦርነት አምልጦ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ጦርነትን ልጁ ላይ እንዲያወጣ ልነግረው ነው? ሄጄ ምን ልበል? ለመነሳት ኮቴን አነሳሁ። ግን ካልሲዬ ገና አልደረቀም፤ ቤቱ ደግሞ ይሞቃል። እውነቱን ለመናገር ቀጥዬ ያነበብኩት ለእግሬ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ከሺህ ዓመት በፊት ሳክሶኒ በሚባል አገር አንዲት ንግሥት ማቲልዳ ነበረች፤ ባሏ ሲሞት ያላትን ሁሉ ለድሃ ስለበተነች የገዛ ልጆቿ ተጣሏት ይላሉ፤ በኋላ ቅድስት ተባለች። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ጦር የምታዝዝ ባለ ብዙ ግንብ ማቲልዳ ነበረች፤ ከግንቦቿ በአንዱ በር ላይ አንድ ንጉሥ ከሮማው ጳጳስ ምሕረት ለመለመን ሦስት ቀን በባዶ እግሩ በረዶ ላይ ቆመ። ሌላዋ ስሙን ይዛ ባሕር ተሻገረችና እንግሊዝ ላይ ንግሥት ሆነች። የልጅ ልጇም ማቲልዳ ተባለች። እኔን ከወንበሬ ጋር ያጣበቀችኝ ይህቺ የልጅ ልጅ ናት።

አባቷ ዙፋኑን አውርሷት ነበር፤ ዘመዷ ቀደማት። ዓመታት የፈጀ ጦርነት ሆነ። አንድ ክረምት ግንብ ውስጥ ከበቧት፤ እህሉ አለቀ፣ እንጨቱም አለቀ፣ የሚረዳት አልመጣም። ያን ጊዜ እቴጌ የምትባለው ይህቺ ማቲልዳና ጥቂት ታማኞቿ ነጭ በነጭ ለበሱ። በረዶ እየወረደ ከግንቡ ወጥተው፣ በጠላት ዘበኞች መሀል አልፈው፣ ጠጣር ሆኖ የረጋውን ወንዝ በእግራቸው ረገጡት። ከበረዶው የሚለያቸው አልነበረምና ማንም አላያቸውም።

ቀና ስል መስኮቱ ላይ በረዶ ይወርዳል። እኔ የማውቀው በረዶ ስትሪትካር የሚያስቆም፣ እማማ ማቲልዳ በአካፋ እየዛቁ በጀርመንኛ የሚራገሙት ነገር ነበር። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ሴት፣ አፍ ለአፍ፣ ከአያት ለልጅ ልጅ ሲቀባበሉት የኖሩት ስም ከእኛ ፊት ለፊት በር ላይ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። የስሙ ባለቤት ግን አያውቁም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካልሆነ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ሁሉንም በደብተሬ ገለበጥኩ።

ማታ አባዬ፣ "እህ?" አለኝ።

"ኃይል ማለት ነው" አልኩት።

"ኃይል ብቻ?"

"ኃይል።" ዐይኔን በጨው አጥቤ ነው የመለስኩለት። አባዬ አየኝና ምንም አልጨመረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ከሱ ነው የተማርኩት፤ ሳይናገረውም ሰማሁት።

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ የእማማ ማቲልዳን በር አንኳኳሁ። ስለ ስማቸው ካወቁ ይኮራሉ፣ ከኮሩ ይፈቅዳሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። አስገቡኝ። ቁጭ ብዬ እንደ ተማሪ አነበብኩላቸው፤ ቅድስቷን፣ የጣሊያኗን፣ ባሕር የተሻገረችውን። በትሕትና ያዳምጣሉ፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። እቴጌዋ ጋ ደረስኩ። ነጭ ለብሰው መውጣታቸውን፣ የረጋውን ወንዝ መርገጣቸውን ሳነብ እጃቸው ተነሳ። ቆም አልኩ።

"ተሻገረች?" አሉኝ።

"አዎ፣ ተሻገረች። ማንም አላያትም። በኋላ ልጇ ነገሠ።"

"ተሻገረች" አሉ ደግመው፤ ለራሳቸው ነው። ከዚያ መስኮቱን እያዩ ነገሩኝ። ድምፃቸው የሱቅ ዕቃ የሚዘረዝር ሰው ድምፅ ነበር።

"ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሌ ጦር ሜዳ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፤ የቀረው ባሕሩ ብቻ ነው። ባሕሩ በብርድ ረግቶ በረዶ ሆኗል። ሕዝቡ በጋሪ፣ በእግር፣ በረዶው ላይ ወጣ። ከላይ አውሮፕላን ይተኩሳል፤ ከሥር በረዶው ይሰነጠቃል፤ ከፊቴ የነበረ ጋሪ ከነፈረሱ ሰመጠ። ልጄን ኮቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አስሬያት ነበር። የሰባት ወር ልጅ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሄድን። ማዶ ስንደርስ ኮቴን ከፈትኩ። መቼ እንደሆነ አላውቅም። እያወራኋት ነበር። ስንት ሰዓት ለሞተች ልጅ እንዳወራሁ አላውቅም።"

እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

"ስሟ እንደ እኔ ነበር። እንደ አያቴም። እናትሽን በያት፤ ይህን ስም የሰጠኋት አንዷ ልጅ አልተሻገረችም። ይሄ ስም ለሕፃን አይበጅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም በዚህ ስም ጠርቼ አላውቅም።"

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሹራቡን፣ ማሞቂያውን፣ የሕፃኗን አፍንጫ ደጋግሞ የሚነካውን ጣት።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ጦርነት የሚለውንም ጭምር። አባዬ በውሸቴ ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታነባለች። አባዬ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ።

"ጦርነት ማለት መሆኑንማ ከመጽሐፍሽ በፊት እሷ አውቃዋለች" አለ በመጨረሻ። "ሕፃኗን የገደላት ስሙ አይደለም፤ ብርዱ ነው። ይህን ለአርባ ምናምን ዓመት የነገራት ሰው የለም ማለት ነው?"

"እና ምን እናድርግ?" አለች እማዬ።

"እንደ ወጉ ነዋ። ሽማግሌ ይላካል።"

ሽማግሌ የሚላከው ሚስት ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ እንጂ ስም ለመጠየቅ ሲላክ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ግን ሌላ መንገድ አያውቅም ነበር፤ ትልቅ ነገር ከሰው ሲፈለግ ባለጉዳዩ ራሱ አይጠይቅም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዎች ስድስት ፎቅ በደረጃ ወጡ፤ ሊፍቱ ቆሟል። መሪያቸው ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱ። ከሳቸው ጋር አንድ ባለሱቅና አንድ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ። በክረምት ኮታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተዋል፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

እማማ ማቲልዳ በሩን ሲከፍቱ ሦስት በነጭ የተጠቀለሉ ወንዶች ቆመው አዩ። "ማን ሞተ?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም። ሽማግሌዎች ናቸው። ሊለምኑዎት ነው።"

ግቡ፣ ተቀመጡ አሏቸው። ገቡ፤ አልተቀመጡም። የፖም ኬክ አቀረቡላቸው። ጋሽ ወርቁ ኬኩን በስስት አዩትና፣ "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም በያቸው" አሉ። ተረጎምኩ። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ከኮሪደሩ ማዶ ደጃፋችን ላይ አባዬ ሚጣን ታቅፎ ቆሟል። እማዬ ከኋላው ናት።

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። "እኛ አገር 'ስም ከመቃብር በላይ ይውላል' ይባላል። የልጅዎን ስም በረዶ ላይ ትተውት አይቅሩ፤ እኛ እናንሳው። በአደራ እንያዝልዎ።"

እማማ ማቲልዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብትታመምስ? አንድ ነገር ብትሆንስ? ሁለተኛ አልችለውም።"

ጋሽ ወርቁ አሰቡና ድንገት በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይህች የምታስተረጉምልዎ ልጅ ስሟ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቋት።"

ደነገጥኩ። በትምህርት ቤት ካሲ ነው የምባለው፤ ትርጉሙን ጠይቆኝ የሚያውቅ ፈረንጅ የለም። ግን ሽማግሌ ተናግሯል፤ አስተርጓሚ ደግሞ የተባለውን ይላል። "ካሳነሽ ነው ስሜ" አልኳቸው። "ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ። በሁለት ዓመቱ በኩፍኝ ሞተ። ስወለድ እናቴ ካሳችን ነሽ አለችኝ። በጠፋው ፈንታ የተሰጠች ማለት ነው።" በእንግሊዝኛ ስናገረው የራሴ ስም አልመስል አለኝ፤ ሌላ ሰው የሚነግረኝ ነበር የሚመስለው።

እማማ ማቲልዳ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "ስሙ ማን ነበር? የወንድምሽ?"

አፌን ከፈትኩ። አላውቀውም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በሱ ካሳ ስጠራ ኖሬ፣ ስሙ ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ዞር አልኩና በተከፈተው በር ወደ አባዬ፣ "ስሙ ማነው ይሉሃል" አልኩት።

አባዬ ሕፃኗን ወደ ደረቱ አስጠጋት። "ሰሎሞን" አለ። ከኋላው እማዬ፣ "ሰሎሞኔ!" ብላ ጮኸች፤ እንደ ዛሬ የሞተ ያህል።

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ መተርጎም ያለበት ነገር አልነበረም። እማማ ማቲልዳ በጎናችን አልፈው ወጡ፤ ኮሪደሩን ተሻግረው አባዬ ፊት ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ ሰጣቸው። ልጅቷ ነቅታ ታያቸዋለች። ሹራባቸውን አልከፈቱም፤ አፍንጫዋንም አልነኩም። ዝም ብለው ዐይኗን አዩና፣ "ማቲልዳ" አሏት። ለአርባ ምናምን ዓመት ማንንም ያልጠሩበት ስም ነውና ሻከር ብሎ ወጣ። ደገሙት፤ ሁለተኛው ለስላሳ ነበር።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሕፃኗን እንደታቀፉ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። ጋሽ ወርቁ ከፖም ኬኩ ሦስት ቁራጭ በሉ። ፎርሙን ያን ቀን ሞልቼ ሰኞ ፖስታ ቤት አስገባሁት።

እማማ ማቲልዳ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ፤ እህቴን ስኬቲንግ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በጠጣር በረዶ ላይ እጇን ይዘው ሲንሸራተቱ፣ እኔ ከሜዳው ዳር ሆኜ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞር ነበር። እሳቸው ግን አይፈሩም። ስለ ስሞች ብዙ አስቤያለሁ ከዚያ ወዲህ። ንግሥቶቹ አሁን ሁሉ ስልክ ላይ አሉ፤ ቅድስቷም፣ እቴጌዋም። ስሙን ለሺህ ዓመት የተሸከሙት ግን እነሱ ብቻ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ማንም ያልጻፋቸው፣ ወተት የሚያልቡ፣ ኮት የሚሰፉ፣ ሰባት ወር ብቻ የኖሩ ናቸው። ይህን ሳስብ ዛሬም በአሥራ ስድስት ዓመቴ እንዳደረገኝ ውርር ያደርገኛል። ትንሽነቴ ይሰማኛል፤ ደስ የሚል ትንሽነት ነው።

እማዬ አሁን ሰማንያዎቹ ውስጥ ናት። የምትኖረው ኖርዝ ዮርክ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ እህቴ ቤት ነው። ያን ሊያ የሳቀችበት ቅዳሜ ወጡን አማስዬ ከወጥ ቤት ስወጣ መኝታ ቤቷ ውስጥ ቆማ የከሰዓት ጸሎቷን ታደርስ ነበር። የሙታንንና የሕያዋንን ስም የምትጠራበት ቦታ ላይ ደርሳለች። ሊያን ጠራኋትና፣ "ሂጂ በሩ ጋ ቆመሽ የአያትሽን ጸሎት አዳምጪ። አማርኛው ቢከብድሽም ስሞቹን ትለያለሽ" አልኳት።

በእግሯ ጣት ሄደች። ቆየች። ስትመለስ ሳቋ የለም።

"አክስቴ፣ አያቴ 'ሰሎሞን' አለች። ከዛ 'ማቲልዳ' አለች፣ ስሪ ታይምስ። ረስታ ነው?"

"አልረሳችም" አልኳት። "ሦስት ናቸው። ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ።"